ደሴ ላይ ጓሮ ለምትጀምሩ፦ ከጎመን ተነሱ

ጓሮ ልጀምር ያለ የደሴ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ ቲማቲም ነው። ቲማቲሙን ለኮምቦልቻ ሰዎች ተዉላቸው። ቅርብ ናቸው፤ ግን ከእኛ ወደ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላሉ፣ ሙቀቱም የነሱ ነው። የእኛ ብርድ የሚስማማው ለጎመን፣ ለቆስጣ፣ ለሰላጣ፣ ለካሮትና ለቀይ ሥር ነው። ለጀማሪ እኔ ጎመን እላለሁ። ቶሎ አይከፋም፣ ከወጥ ቤትም አይጠፋም።

ቦታው ፀሐይ በደንብ የሚያገኝ፣ ለቤታችሁም የቀረበ ይሁን። የራቀ ጓሮ ይረሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ መደብ ይበቃል፤ ወርዱ ከአንድ ሜትር አይብለጥ፣ ከግራም ከቀኝም እጃችሁ መሀሉ ላይ እንዲደርስ። ከተማችን ዳገት ናትና መደቡን ወደ ቁልቁለቱ አታስረዝሙት። በአግድም አውጡት። አለዚያ የሐምሌ ዝናብ አፈሩን ከነፍጉ ጠርጎ ለታች ጎረቤት ያደርስላችኋል። ጎረቤት መጥቀም ጥሩ ነው፣ ግን በዚህ አይደለም።

አፈሩን በዶማ አንድ ክንድ ያህል ቆፍሩና ድንጋዩን ልቀሙ። ከዚያ ፍግ ቀላቅሉበት። ፍግ ስል የቆየውን፣ ጠቁሮ የሚፈረፈረውንና ሽታው የጠፋውን ነው። ትኩስ እበት ሥር ያቃጥላል።

የጎመን ዘር መጀመሪያ ጥግ ላይ ችግኝ ሆኖ ይፈላና አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ ወደ መደቡ ይዛወራል። አመሻሽ ላይ ትከሉት፣ ፀሐይ እንዳያጠወልገው። በችግኞቹ መሀል 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ተዉ። ሲተከል የተራራቀ ይመስላችኋል፤ አብሽሩ፣ ይሞላል። ካሮት ግን መዛወር አይወድም። እዚያው በሚያድግበት ቦታ ዝሩትና ሲበቅል አሳሱት።

ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። ችግኙ ገና ለጋ ከሆነ ማታ ማታ በጆንያ ወይም በሣር ሸፍኑት፣ ጠዋት ግለጡት። ውሃ በጠዋት አጠጡ። ቧንቧው በፈረቃ ከሆነ አትክልት የታጠበበትን ውሃ አጠራቅሙ። ሳሙና ያለበትን አታፍስሱ።

ቅጠሉን ገልብጣችሁ የማየት ልማድ ይኑራችሁ። ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ የሚደበቀው ከቅጠሉ በታች ነው። ጥቂት ከሆነ በጣት ጨፍልቁት፣ ከበዛ ቅጠሉን ቆርጣችሁ ከጓሮው አውጡት። ዶሮ ያላችሁ ደግሞ ከመትከላችሁ በፊት አጥር።

ጎመኑ ሲጠነክር የታች የታቹን ቅጠል ቀንጥሱ። ጫፉን አትንኩ፤ አዲስ ቅጠል የሚወጣው ከእሱ ነው።