ቦሎ ከማውጣታችሁ በፊት መኪናችሁን ቤታችሁ መርምሩት

አምና መኪናዬ ዓመታዊ ምርመራ ላይ በጭስ ወደቀች። አሮጌ ባለ ናፍጣ ፒክአፕ ናት። ፍሬኑን አለፈች፣ መብራቱን አለፈች። ጭሱ ላይ ስንደርስ መርማሪው ነዳጅ ሦስቴ አስረገጠኝና ፊቱን አዞረ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሚኒባስ መስኮቱን ዘጋ።

ደብረ ማርቆስ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ኮፈኑን ከፍቶ የአየር ፊልትሮውን አወጣና መሬት ላይ መታ መታ አደረገው። የዓመቱ የገጠር መንገድ አቧራ ጫማው ላይ ተቆለለ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጤፍ ያበቅላል» አለኝ። አዲስ ፊልትሮ ገባላት፣ በነጋታው አለፈች። እኔ ግን አንድ የሥራ ቀንና የሁለት ጉዞ ነዳጅ ከስሬያለሁ። ዘንድሮ ቤቴ መርምሬ ነው የሄድኩት። እንዲህ ነው የሚሠራው።

ወረቀቱ

ዓመታዊ ምርመራው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 የተደነገገ ነው። ሊብሬውን፣ የአምናውን የምርመራ ወረቀትና ጊዜው ያላለፈ የሶስተኛ ወገን መድን ያዙ። የመድኑን ቀን ዛሬውኑ እዩት፤ ብዙ ሰው ተሰልፎ ከቆየ በኋላ ነው «አልፎበታል» የሚባለው። ሞተር ከቀየራችሁ ወይም ቀለም ካስቀየራችሁ ሊብሬው ላይ መስፈር አለበት። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ግራሶ ሸፍኖት ከሆነ በጨርቅና በትንሽ ናፍጣ ጥረጉት።

መብራትና ጎማ

መብራት ለማየት ረዳት አያስፈልግም። ማታ መኪናውን በጀርባ ወደ ግድግዳ አስጠጉና ፍሬን ርገጡ። በስፖኪዮ ስታዩ ግድግዳው በግራም በቀኝም መቅላት አለበት። ፍሬቻውን፣ የኋላ ማርሹንና የታርጋ መብራቱን በዚያው እዩ። ክላክስና የዝናብ መጥረጊያም አትርሱ። በአንዲት አምፖል የሚመለስ ሰው ብዙ ነው።

ጎማ ላይ በጥርሶቹ መካከል ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። ከፍታቸው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። የጎማው ጥርስ ከነሱ ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል። መሀሉ ብቻ ከተበላ ንፋስ በዝቶበታል፣ ሁለቱ ጠርዝ ከተበላ ንፋስ አንሶታል፣ አንድ ጎኑ ብቻ ከተበላ ግን ጎማ መግዛት ብቻ አይበቃም፤ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ካላሠራችሁ አዲሱንም ይበላዋል። ጎኑ ላይ የተጻፉትን አራት ቁጥሮችም አንብቡ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ አትመኑ።

ለምርመራ ቀን ጎማ ተውሶ የሚሄድ ሰው አለ። ማታ ይመልሰዋል። ማንን እንዳታለለ እስካሁን አልገባኝም።

ፍሬን

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ሞተሩን አጥፉና ፔዳሉን አራት አምስቴ ርገጡ፤ ይጠነክራል። እግራችሁን ሳታነሱ ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው፣ ማለትም የእግራችሁን ጉልበት የሚያግዘው ክፍል፣ ይሠራል። ቀጥሎ እንደረገጣችሁ እስከ 30 ቁጠሩ። ፔዳሉ ቀስ እያለ ከሰመጠ ወይ ዘይት የሚያፈስ ቦታ አለ፣ ወይ ዘይቱን የሚገፋው የፍሬን ማስተር ደክሟል።

ከዚያ ሰው በሌለበት ሜዳ መንገድ ላይ ቀስ ብላችሁ እየሄዳችሁ ፍሬን ያዙ። መኪናው ወደ አንድ ጎን ከሳበ የምርመራው ማሽን ይይዛችኋል፤ የእያንዳንዱን ጎማ አያያዝ ለየብቻ ስለሚለካ የግራና የቀኙ ልዩነት ወዲያው ይታያል። የእጅ ፍሬኑን ዳገት ላይ ሞክሩት።

ማሽኑ የማይነግራችሁ ነገርም አለ። እሱ የሚለካው በቀዝቃዛ ፍሬንና በሜዳ ላይ ነው። ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ ስትወርዱ ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አይፈላም፤ ውሃ የጠጣው ግን ወደ 155 ዝቅ ሊል ይችላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይፈጥራል፣ እንፋሎት ሲረገጥ ይጨመቃል፣ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል። ስለዚህ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ አስቀይሩ። ቁልቁለቱን ደግሞ በከባድ (በዝቅተኛ ቁጥር) ማርሽ ውረዱ፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ፍሪ መልቀቅ አባይ በረሃ ላይ አይደረግም።

መሪ

የፊቱን ጎማ በክሪክ አንሱት፣ ከሥር ደገፍ አድርጉለት። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁ፤ ከላላ ኩሽኔታው ወይም ቦል ጆይንቱ ነው። ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ከላላ ቴስቲኒውን፣ ማለትም መሪውን ከጎማው የሚያገናኘውን ጫፍ፣ አሳዩ።

ጭስ

ጥቁር ጭስ ማለት ነዳጁ በደንብ አልተቃጠለም ማለት ነው። ወይ አየር አንሷል፣ ወይ ነዳጅ በዝቷል። ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው፤ እሱ ወጪው ከበድ ይላል። ጠዋት ላይ ትንሽ ነጭ ቢታይ አትደንግጡ፤ ሞተሩ ሞቆም ካላቆመ ግን ውሃ እየጎደለ መሆኑን እዩ።

እኛ ጋ ሌላም ምክንያት አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነች። እዚህ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው አሮጌ ናፍጣ ያንኑ ያህል ነዳጅ እየረጨ አየር ሲያጣ ያጨሳል። ስለዚህ በየዘይት ቅያሪው ፊልትሮውን እዩ፣ በበጋ ደግሞ ከዚያም ቶሎ። ፊልትሮው ንጹሕ ሆኖ ጥቁሩ ካልቀነሰ ነዳጅ የሚረጩትን ኖዝሎች የናፍጣ ፖምፓ የሚሠራ ባለሙያ ጋ ወስዳችሁ አስፈትሹ። ጭስ ለመቀነስ ብላችሁ የፖምፓውን ብሎን ራሳችሁ አትነካኩ።

ቤንዚን መኪና ላይ የሚለካው በዋናነት ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም። ካንዴላውን (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ፍቱና ጫፉን እዩት። ቡናማ ከሆነ ጥሩ ነው። ጥላሸት ከለበሰ ነዳጅ በዝቶበታል።

ወደ ምርመራው ስትሄዱ ሞተሩ ይሙቅ። ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ደህና አድርጋችሁ ንዱት፤ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ውስጥ የተከማቸው ጥላሸት መንገድ ላይ ይውጣ። ቀዝቃዛ ሞተር ይዞ ገብቶ ነዳጅ መርገጥ ሌላው የእኔ የአምናው ስህተት ነበር።

ኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ጎረቤቴ «እኔ ጭስ የለኝ፣ ምን አገባኝ» ይላል። ጭሱስ እውነቱን ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ መሪና መብራት ግን አለው፤ መኪናውም በባትሪው ምክንያት ከባድ ነው።

ቀኑ ሲደርስ

የመጨረሻው ሳምንት ድረስ አትጠብቁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ በዚያ ሳምንት ጋራዡም ሰልፉም ሞልቶ ነው የሚጠብቃችሁ። የተጫነ ዕቃ አውርዱ፣ የጎማውን ንፋስ ሙሉ። ከወደቃችሁ ምን ላይ እንደወደቃችሁ በጽሑፍ ተቀበሉና ጋራዡ እሱኑ ብቻ ይሥራ። አለበለዚያ «ይሄም ቢቀየር» እየተባለ ሂሳቡ ያብጣል።

ቦሎው ሲሰጣችሁ መስኮቱ ጋ እንደቆማችሁ የታርጋ ቁጥሩን አንድ በአንድ ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። አንድ ዓመት የእኔ ላይ 3 መሆን ያለበት 8 ተብሎ ተጽፎ፣ ያየሁት ቤቴ ገብቼ ልለጥፈው ስል ነው።