ሙቀት የሚይዝ መስኮት እንዴት ይመረጣል?

ሱሉልታ ወይም ለገጣፎ የብሎኬት ቤት ያለው ሰው የኅዳርን ንጋት ያውቀዋል፤ መስኮቱ ተዘግቶም መጋረጃው ይወዛወዛል። በአሮጌ የብረት መስኮት ብርዱ የሚገባው በመስታወቱ ብቻ አይደለም፤ ክፍተቱም አለ። ድርብ መስታወት ከማዘዝዎ በፊት እሱን ይፈልጉ።

ነፋስ ሲኖር መጋረጃውን አውልቀው ሰንደል ይለኩሱ። ጢሱን በፍሬሙ ዙሪያና በመዝጊያው ጠርዝ ቀስ ብለው ያዙሩት፤ ወደ ውስጥ የታጠፈበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት። ምልክቱ በፍሬሙና በግድግዳው መካከል ብቻ ከሆነ ሲሊኮን ይበቃል፤ ገንዘብዎን አያውጡ። መዝጊያው ራሱ ከተጣመመ ግን መቀየር ነው።

ተንሸራታች መስኮት ቦታ ስለማይዝ ይወደዳል። ሆኖም እንዲንሸራተት ሲባል ጠርዙ ላይ የሚገባው ብሩሽ ነው፤ ብሩሽ ደግሞ ነፋስን አጥብቆ አይዘጋም። በማጠፊያ የሚከፈተው ሲቆለፍ ጎማውን ይጨምቀዋል። ለመኝታ ቤት ይሄኛውን፣ ያውም ቢያንስ ሁለት ቦታ የሚቆልፈውን ይምረጡ። ተራ አሉሚኒየም ብርድ ያስተላልፋል፤ ጠዋት ፍሬሙ የሚያልበው ለዚህ ነው። ፒቪሲ የሚባለው የፕላስቲክ ፍሬም ይሻላል፤ ሻጩ የተቆረጠ ናሙና ያሳይዎትና ውስጡ ማጠናከሪያ ብረት መኖሩን በዓይንዎ ይዩ።

አሁን ወደ መስታወቱ። ነጠላ መስታወት በአንድ ካሬ ሜትር፣ በውስጥና በውጭ መካከል ላለው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት ወደ 5.8 ዋት ሙቀት ያስወጣል፤ በ12 ሚሊ ክፍተት የተለያዩ ሁለት ባለ 4 ሚሊ መስታወቶች ወደ 2.8 ያወርዱታል። እዚህ ግን ከፍታው ጣጣ አለው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆኑ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ቆላ አገር ታሽጎ የመጣ ድርብ መስታወት እዚህ ሲደርስ ውስጡ የታሰረው አየር ያሳብጠዋል፤ ማሸጊያው ይላቀቅና ከሁለቱ መሃል የማይጠረግ ጉም ይገባል። እዚሁ የታሸገውን ይጠይቁ። ሲረከቡ ቀጥ ያለ ማስመሪያ በጠርዙ ያሳርፉበት፤ መሃሉን ነክቶ ጫፎቹ ላይ ከተወዛወዘ አይቀበሉ።

ገንዘብ ካነሰ ድርቡን ሰሜን ለሚያየው መኝታ ቤት ያስቀድሙ፤ በብርዱ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል የደቡቡ መስኮት ቀን ቀን ይሞቃል።

ልኩን ሲወስዱ ስፋቱን ላይ፣ መሃልና ታች፣ ቁመቱንም እንዲሁ ሦስት ቦታ ይለኩ። ስፋቱ 1,204፣ 1,198 እና 1,210 ሚሊ ቢመጣ ትንሹን ይዘው 10 ሚሊ ይቀንሱ፤ የሚያዙት 1,188 ነው። ቀሪው ክፍተት ተረጭቶ በሚያብጥ ፎም ይሞላል። ፎም ሲበዛ አብጦ ፍሬሙን ያጎብጠዋል፣ መዝጊያውም አልገጥም ይላል፤ እስኪደርቅ መስኮቱ ተቆልፎ ይቆይ። ከውጭ ሲሊኮን ሲቀባ የታችኛው ፍሬም የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች እንዳይደፈኑ ከሠራተኛው ጎን ይቁሙ።

ድሮ የከሰሉን ጋዝ ያስወጣ የነበረው ያ የዘጉት ክፍተት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ ይገድላል። ቡና ሲፈላ መስኮት ይከፈት፤ ፍሙም ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ይውጣ።