ለጅማ ዙሪያ ተራሮች የሚሆን የእግር ጉዞ መምሪያ መጽሐፍ እንዴት ይመረጣል?

የተራራ ጉዞ መምሪያ ለመግዛት የሚያስብ የጅማ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ነገር አለ። አብዛኞቹ መምሪያዎች የስሜንና የባሌ ተራሮችን በሰፊው ይተነትኑና ወደ እኛ ሲመጡ ቡናውንና ቤተ መንግሥቱን ጠቅሰው ያልፋሉ። ስለዚህ የመጽሐፉ ውፍረት አያታላችሁ። የሚጠቅማችሁ ስለምትሄዱበት አካባቢ የተጻፉት ጥቂት ገጾች ናቸው፤ ምርጫችሁም እነሱን በመመርመር ይጀምር።

ጅሬንን አስቀድሙ

ሽፋኑን ከማየታችሁ በፊት ስለ ጅሬን የተጻፈውን ፈልጉ። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው መሃል ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጅሬን ኮረብታ ላይ ነው። ብዙዎቻችን በእግራችን ወጥተነዋል። እግራችሁ የሚያውቀውን መንገድ ደራሲው እንዴት እንደጻፈው ስታዩ፣ የማታውቁትን እንዴት እንደሚጽፍላችሁ ትረዳላችሁ። ርቀቱን፣ ዳገቱ የሚጠነክርበትን፣ ሲዘንብ መንገዱ ምን እንደሚመስል ከጻፈ ሰውየው ሄዶበታል ማለት ነው። “ከከተማው አጠገብ የሚገኝ ውብ ስፍራ” ብሎ ካለፈ ግን ስለ ማይጉዶ ተራራ የሚነግራችሁንም አትመኑ።

የተጻፈበትን ዘመን እዩ

የኅትመት ዓመቱ ፊተኛው ገጽ ላይ አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር ከሆነ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መቀነስ እንዳትረሱ። ነገር ግን አዲስ ኅትመት ተብሎ ያረጀ ጽሑፍ ሊታተም ስለሚችል ውስጡንም ፈትሹት። ጅማን የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ የሚል ከሆነ የጻፈው ሰው የተመለከተው የድሮውን አስተዳደር ነው። የራስ ዳሸንን ከፍታ 4,620 ሜትር ካለም እንደዚያው፤ ዛሬ የሚታወቀው 4,550 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ለታሪክ አንብቡት፤ ድልድይና የመኪና መንገድ ግን አትጠይቁት።

ዝናቡን እንዴት እንደጻፈ መርምሩ

እኔ ከሁሉ በላይ የማየው ይህን ነው። መምሪያዎች የመላ አገሪቱን የአየር ጠባይ በአንድ አንቀጽ ያጠቃልላሉ፤ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ሌላው በጋ። ጅማ እንዲህ አይደለችም። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እየበረታ ይሄድና መስከረምን ይዞ ይዘልቃል። ተራራ ለመውጣት የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ግንቦት መጨረሻ ላይ መጽሐፍ አምኜ በዴዶ በኩል ወጣሁ። መንገዱ “የግማሽ ቀን” ነው ይላል፤ መሄጃው ብቻ ይሁን ደርሶ መልስ አይልም። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ቀዩ አፈር ከጫማዬ ሥር እየተደራረበ እግሬን አከበደው። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ያ ሁሉ ጭቃ ድጥ ሆነ። መጽሐፉ “ትንሽ ጅረት” ያለው ቦታ ስደርስ መሻገሪያው ሁለት ግንድ ነበር፤ አንዱን ውሃ ወስዶታል። ላሞች የሚነዱ አባት ቆመው ያዩኛል።

“አባቴ፣ ይህ መንገድ ወደ ላይ ያወጣል?” አልኳቸው።

“ልጄ፣ ይሄ የበጋ መንገድ ነው። በዚህ ወራት እኛም በላይ ዞረን ነው የምንሄደው።”

ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን ጨልሞ ነበር፤ እኔም ገና እየተመለስኩ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ የበጋና የክረምት መንገድን ለይቶ የማይጽፍ መምሪያ አልገዛም። ጅረቱን “በድንጋይ ይሻገራሉ” ብሎ በየትኛው ወር እንደሆነ የማይናገር ደራሲ ሰው ያስጎዳል።

ካርታውንና ሰዓቱን አስሉ

ጥሩ ካርታ መስፈሪያው ተጽፎበታል። 1፡50,000 ከሆነ ካርታው ላይ 2 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህ ለእግረኛ ይበቃል። 1፡250,000 ከሆነ አንዷ ሴንቲ ሜትር ሁለት ተኩል ኪሎ ሜትር ስለምትሸፍን ለመኪና እንጂ ለእናንተ አይሆንም። ከፍታን የሚያሳዩ መስመሮች መኖራቸውን እዩ፤ በመካከላቸው ስንት ሜትር እንዳለ ኅዳጉ ላይ ይጻፋል። የ20 ሜትር ከሆነ 30 መስመር ስታቋርጡ 600 ሜትር ወጥታችኋል።

አሁን ደራሲው የሰጠውን ሰዓት ፈትኑት። ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት ዛሬም ይሠራል፤ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ዳገት ተጨማሪ አንድ ሰዓት። 10 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ 600 ሜትር የምትወጡ ከሆነ ያለ ዕረፍት ሦስት ሰዓት ነው። ለጭቃ እኔ ግማሹን እጨምራለሁ። መጽሐፉ ሁለት ሰዓት ካላችሁ ተዉት። በውጭ ቋንቋ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ የእነሱ 7 ሰዓት የእኛ 1 ሰዓት መሆኑን ልብ በሉ፤ በዚህ ምክንያት መነሻ ሰዓት የሚሳሳት ብዙ ነው።

ቦታዎችን በኬክሮስና በኬንትሮስ ቁጥር የሚያመለክት መምሪያ ከሆነ ቁጥሩ በየትኛው ሥርዓት እንደተለካ መጻፍ አለበት። የአገራችን ወረቀት ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው የቦታ መለኪያ መነሻ ተሠርተዋል፤ ስልካችሁ ላይ ያለው ጂፒኤስ ግን ደብሊው ጂ ኤስ 84 ይጠቀማል። አንዱን በሌላው ብታነቡ ወደ 200 ሜትር ትስታላችሁ። ጫካ ውስጥ 200 ሜትር ሌላ ሸለቆ ነው።

የመጽሐፉን ፎቶ ኮፒ ለመግዛት ካሰባችሁ ካርታውን አስቀድማችሁ እዩ። ቡናማው የከፍታ መስመርና ሰማያዊው ወንዝ ሁለቱም ግራጫ ሆነው ይወጣሉ።

የቦታ ስሞችን አንብቡ

በገጠሩ መንገድ የምትጠይቁት በኦሮምኛ ነው። ደራሲው ስሙን እንደ ነዋሪው ከጻፈ፣ ስሙ ራሱ ይመራችኋል፤ ቱሉ ተራራ፣ ለጋ ወንዝ፣ ቡርቃ ምንጭ ነው። ጨፌ ረግረግ መስክ ነው፤ በጥር ከብት የሚግጥበት፣ በሐምሌ እስከ ጉልበት የሚያሰምጥ። ስሙን ተርጉሞ “አረንጓዴው ሜዳ” ያለ መጽሐፍ ይዛችሁ ማንንም መጠየቅ አትችሉም።

ስለ ሰዉም ምን እንደሚል እዩ። እንደ በለጠ ጌራ ባሉ ደኖች ከጥላው ሥር ያለው ቡና የገበሬ ኑሮ ነው። በለቀማ ወራት የማያውቁት ሰው በቡናው መሃል ሲያልፍ ባለቤቱ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ከመግባት በፊት ቀበሌውን ወይም ባለቤቱን ማነጋገርን፣ የአካባቢ መሪ መያዝን የሚመክር ደራሲ አገሩን ያከብራል። ጉሬዛ የት እንደሚታይ ብቻ የሚነግራችሁ ገና አላወቀውም።

ክብደቱና ጥራዙ የሚታየው መጨረሻ ላይ ነው፤ በፌስታል ተጠቅልሎ ኪስ ከገባ ይበቃል።

ከገዛችሁት በኋላ የመጀመሪያው ጉዟችሁ ጅሬን ይሁን። በጠዋት መጽሐፉን ይዛችሁ ውጡ፤ እርሳስም ያዙ። መንገዱ የተለወጠበትን ቦታ፣ የፈጀባችሁን ሰዓት፣ የሄዳችሁበትን ወር ኅዳጉ ላይ ጻፉ። የእኔ መጽሐፍ የዴዶው ገጽ ላይ “ግንቦት፦ ግንዱ አንድ ብቻ፣ በላይ ዙሩ” ይላል፤ ከእኔ የተዋሱ ሁሉ እዚያ ቦታ ሲደርሱ በላይ ዞረዋል።