አዲስ እምነት በደሴ፦ ከምዝገባ እስከ ቅሬ

ለአገሩ እንግዳ የሆነ እምነት የያዙ ጥቂት ቤተሰቦች በደሴ ወይም በኮምቦልቻ እንደ ነባር ሃይማኖት ተከታይ ታውቀው ለመኖር ሲነሡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚያስቡት ስለ ምዝገባ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ያስፈልጋል፤ ይሁን እንጂ ትንሹ ሥራ እርሱ ነው።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር ይደነግጋል፤ አንቀጽ 27ም የመረጡትን ሃይማኖት የመያዝና የማስተማር መብት ሲሰጥ ነባርና አዲስ ብሎ አይለይም። ስለዚህ ማመልከቻ የሚቀርበው እምነቱ እንዲፈቀድ ሳይሆን፣ ማኅበሩ በስሙ ቤት ለመከራየትና ውል ለመዋዋል የሚያስችለውን ሕጋዊ ሰውነት እንዲያገኝ ነው። ቢሮ ሲገቡ መተዳደሪያ ደንብዎን ያስረክቡ እንጂ ስለ አስተምህሮ አይሟገቱ።

ቀጥሎ ማንነትዎን ሳይሸፋፍኑ ይናገሩ። በ1925 እ.ኤ.አ. በግብፅ፣ ቤባ በምትባል ከተማ የተሰየመ የሸሪዓ ፍርድ ቤት በ19ኛው መቶ ዘመን በፋርስ የተነሣውን የባሃኢ እምነት የያዙ ባሎችን ጋብቻ ሲያፈርስ፣ እምነታቸው ከእስልምና የተለየ አዲስ ሃይማኖት ነው ብሎ ነበር። የተፈረደው በእነርሱ ላይ ቢሆንም፣ ባሃኢዎቹ ራሱን የቻለ ሃይማኖት ለመሆናቸው ምስክር አድርገው ያዙት። «እኛም ያው እናንተው ነን» እያለ የሚቀርብን ሰው፣ እንደ እኔ ግምት፣ ቄሱም ሼኩም እኩል ይጠረጥሩታል።

ዋናው ፈተና ቅሬው፣ ማለትም በሌላ አካባቢ ዕድር የሚባለው የቀብርና የኀዘን መረዳጃ ማኅበር፣ ነው። በወሎ በብዙ ሰፈር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቅሬ ስለሚረዳዱ፣ ሃይማኖትን ቀይሮ ከቅሬ የቀረ ሰው የሚታየው እምነቱን እንደለወጠ ሳይሆን ጎረቤቶቹን እንደተወ ነው። መዋጮዎን ሳያቋርጡ ይክፈሉ፤ በሌላው ኀዘን ድንኳን ይትከሉ፣ ውሃ ይቅዱ። መቃብሩ ግን በቤተ ክርስቲያን ወይም በሙስሊሙ የቀብር ቦታ በመሆኑ የእናንተን ሬሳ የሚቀበል ላይኖር ይችላል፤ ስለዚህ ሰው ሳይሞት በፊት የቀብር ቦታ ከማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ ይጠይቁ። ከዚያም ለቅሬው ዳኛ ሬሳውን ማን እንደሚያጥብ፣ ጸሎቱን ማን እንደሚያደርስና ቀብሩ የት እንደሚሆን አስቀድመው ያስረዱ። ለፋፊው ገና ጎሕ ሳይቀድ በየበሩ ሲዞር «ቀብሩ የት ነው?» ተብሎ መልስ ካጣ፣ ለቀስተኛው ደጃፍ ላይ ቆሞ እርስ በርሱ ይተያያል፤ የዓመታት ጉርብትናም በዚያች ጠዋት ይሻክራል።

የድግስ ነገርም አይዘንጋ። የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ ለየብቻ በሚሠራበት አገር ሦስተኛ ቢላዋ ይዞ መምጣት አይመከርም፤ ከሁለቱም ወገን አራጅ ይጥሩ። አቅም ካነሰም ሽሮና ምስር ይበቃል፤ ለእርሱ ማን እንዳረደው የሚጠይቅ የለም።