ተጠባባቂው የኦክስጅን ረድፍ ሳይነካ ሲጎድል

ደብረ ብርሃን አካባቢ ያለ ሆስፒታል። ኦክስጅኑ የሚመጣው ከሁለት የሲሊንደር ረድፎች ነው። የሚሠራው የግራው ረድፍ ነው፤ ተጠባባቂው የቀኝ ረድፍ ግን በአንድ ሌሊት ከ150 ወደ 110 ባር (የግፊት መለኪያ አሃድ) ይወርዳል። የደጋው ብርድ ይህን ያህል አያወርድም፦ ከ20 ወደ 5 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚቀንሰው 8 ባር ግድም ነው። ዎርድ (የሕሙማን ክፍል) ላይ ያለው የ4 ባር ግፊት ስለማይነቃነቅ ማንም አያስተውልም፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው።

የቀኙ ሲሊንደሮች በሙሉ ሲዘጉ ጌጁ (የግፊት ማሳያው) በደቂቃዎች ውስጥ ወረደ፤ ስለዚህ የሚያፈሰው ከሲሊንደሮቹ ቫልቭ ወዲህ፣ በቱቦዎቹ በኩል ነው። ለኦክስጅን የተፈቀደ የፍሳሽ መፈተሻ ሲቀባ (የቤት ሳሙና ቅባት ስላለው አይሆንም) ሦስተኛው ቱቦ መጋጠሚያ ላይ አረፋ ወጣ። ዋሸሩ ተሰንጥቋል፤ በመፍቻ ከልክ በላይ ሲጠብቅ እንዲህ ይሆናል። መፍትሔው ግፊቱን አስወጥቶ ለኦክስጅን በተሠራ አዲስ ዋሸር መተካት ነው። ዘይትና ግራሶ በፍጹም አይነካውም፣ ይቀጣጠላል። ሲሊንደሩ የሚከፈተው ቀስ ተብሎ ነው። በማግስቱ ጠዋት ጌጁ 143 ባር አሳየ፤ የቀነሰው በብርዱ ልክ ብቻ ነው።