ጎንደር ላይ ስለ አየር ሲወራ የሚደጋገሙ ስህተቶች

«ጎንደር ደጋ ስለሆነች ኦክሲጅኗ ከመቶ 21 አይሞላም» ማለት የመጀመሪያው ስህተት ነው። ደረቅ አየር ባሕር ዳር ምጽዋም ይሁን ጎንደር ፋሲል ግቢ ቅይጡ አንድ ነው፦ ናይትሮጅን 78.08 በመቶ፣ ኦክሲጅን 20.95፣ አርጎን 0.93፤ ብዙ የሚወራለት ካርቦን ዳይኦክሳይድ 0.04 ገደማ ብቻ። ከፍታ የሚቀንሰው ግፊቱን ነው። ምጽዋ ላይ 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው ግፊት ጎንደር ላይ ወደ 78፣ ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ወደ 57 ይወርዳል። ከዚህ ግፊት የኦክሲጅኑን ድርሻ ለማግኘት በ0.2095 ማባዛት ነው፦ 21፣ 16 እና 12 ኪሎ ፓስካል። ከደባርቅ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣ እንግዳ የሚያለከልከው በዚህ የተነሳ ነው። ጎንደር ውስጥ ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ መፍላቱና ሽምብራው እሳት ላይ መቆየቱም ከዚሁ ግፊት የመጣ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የሚሠራው ትምህርት ክፍል ውስጥ ነው። ውሃ ባለበት ሳህን መሃል ሻማ ለኩሰው ብርጭቆ ይደፉበታል፤ ሻማው ይጠፋል፣ ውሃው ወደ ላይ ይሳባል፤ «ይኸው ተቃጥሎ ያለቀው ኦክሲጅን ቦታ» ይባላል። አይደለም። ሻማ የሚጠፋው ኦክሲጅኑ ሳያልቅ፣ 16 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ነው። ውሃውን በዋናነት የሚስበው ግን በነበልባሉ ሞቆ የተነፋው አየር ሲቀዘቅዝ መኮማተሩ ነው፤ ለዚህም ነው ውሃው በብዛት ከፍ የሚለው ሻማው ከጠፋ በኋላ። ኦክሲጅን የአየር አንድ አምስተኛ ገደማ መሆኑን በትክክል ማሳየት የፈለገ ኦክሲጅን የሚበላውን ዝገትን ይጠቀም፦ የድስት ማጠቢያ ሽቦ በኮምጣጤ አጥቦ ቅባቱን ማስለቀቅ፣ ረጅም ጠባብ ብርጭቆ ታች መወተፍ፣ ብርጭቆውን ውሃ ላይ ደፍቶ ጥቂት ቀን መተው። ሽቦው የማይዝገው ዓይነት ከሆነ ምንም አይታይም፤ ብዙ ጊዜ ሙከራው የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። የገባው ውሃ ሲለካ የውስጡና የውጭው ውሃ እኩል ከፍታ ላይ ይሁን፣ አለዚያ ግፊቱ ውጤቱን ያዛባል።

ከጀበና አፍ የሚወጣውን ነጭ ነገር «የውሃ ተን» ማለትም ትክክል አይደለም። ተን አይታይም። በአፉና በነጩ መካከል ያለችው ባዶ የምትመስል ክፍተት ናት ተኑ፤ ነጩ ቀዝቅዞ የተጠራቀመ ጠብታ ነው።

የመጨረሻው ስህተት ሰው ይገድላል። በክረምት ብርድ «ፍም ሆኗል፣ ጭሱ አልቋል» ተብሎ የከሰል ማንደጃ ወደ መኝታ ቤት ይገባል። ጭስ መጥፋቱ ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ መጥፋቱን አያሳይም፤ ሽታም ቀለምም የለው። ደም ላይ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ክብደቱ ከአየር ጋር ተቀራራቢ በመሆኑ ቤቱን ሙሉ ይዳረሳል፣ ከፍ ያለ አልጋ ላይ መተኛት አያድንም፤ ውሃ ውስጥም እምብዛም ስለማይሟሟ አጠገቡ ሳህን ሙሉ ውሃ ማኖር ከንቱ ነው። ማንደጃው ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ይውጣ። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማ ቤተሰቡን ሁሉ ወዲያው ይዞ መውጣትና ሕክምና መሄድ ነው፤ «ትንሽ ልተኛበት» ያለ ላይነሳ ይችላል።