የተፈጥሮ ጨረራ መለኪያ ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአፈር፣ ከግድግዳና ከህዋ የሚደርስብን የተፈጥሮ ጨረራ ደካማ ነው። ኤስቢኤም-20 የተባለው የታወቀ የጋይገር ቱቦ (ጨረራ ሲያገኘው የኤሌክትሪክ ምት የሚሰጥ ቱቦ) እንኳ በደቂቃ የሚቆጥረው 20 ምት ያህል ነው። ስለዚህ የመሣሪያው የራሱ ጉድለት በቀላሉ ጨረራ መስሎ ይቆጠራል።

ቮልቴጁን በመልቲሜትር በቀጥታ መለካት። እኔንም ያሞኘኝ ይህ ነው። ቱቦው 400 ቮልት ገደማ ይፈልጋል፤ መልቲሜትሬ ግን 250 አሳየኝ። ጨመርሁለት። ቆጠራው አበደ፤ ቱቦውም ተበላሸ። ለካስ ቮልቴጁ መጀመሪያውኑ ትክክል ነበር። ውስጣዊ ሬዚስታንሱ 10 ሜጋኦም የሆነ መልቲሜትር በ400 ቮልት 40 ማይክሮአምፔር ይስባል፤ ደካማው የኃይል ምንጭ ይህን መሸከም ስለማይችል ቮልቴጁ ገና ሲነኩት ይወርዳል። በመካከል 1 ጊጋኦም ሬዚስተር ቢገባ ኖሮ 400 ቮልቱ 4 ቮልት ያህል ሆኖ ይነበብ ነበር። መሣሪያው ከጠፋ በኋላም ካፓሲተሩ ቻርጁን ይዞ ይቆያልና እጅዎን ይሰብስቡ።

ሬዚስተሩን ከቱቦው ማራቅ። ቮልቴጁ ወደ ቱቦው የሚያልፍበት፣ 5 ሜጋኦም ገደማ የሆነው ሬዚስተር ከአኖዱ (ከቱቦው ፖዘቲቭ ጫፍ) አጠገብ ይሁን። በመካከል የገባ ረጅም ሽቦ የሚያጠራቅመው ቻርጅ በየምቱ ቱቦውን ይጎዳል።

በአንድ ደቂቃ ቆጠራ መፍረድ። ምቶቹ የሚመጡት በዘፈቀደ ነው፤ መዋዠቃቸውም የቁጥሩ ስኩዌር ሩት ያህል ነው። ትናንት 17፣ ዛሬ 24 መሆኑ ምንም አይነግረንም። 100 ደቂቃ ቢቆጥሩ ግን 2,000 ያህል ምት ያገኛሉ፤ መዋዠቁም ወደ 2 በመቶ ይወርዳል።

ምቱን ወደ ማይክሮሲቨርት (ሰውነት የሚያገኘው የጨረራ መጠን መለኪያ) ለመቀየር መቸኮል። ለዚህ የሚያገለግለው ማባዣ ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው እንደ ሲዚየም-137 ባለ ራዲዮአክቲቭ ምንጭ ነው። የህዋ ጨረራ ጠባይ ግን ሌላ ነው፤ ቱቦው ራሱም ያለ ምንም ጨረራ የሚሰጠው ምት አለው። እኔ በደቂቃ የተቆጠረውን ምት እንዳለ መመዝገብን እመርጣለሁ። ከነጥብ በኋላ ሦስት አሃዝ የሚደረድር ስክሪን አላምንም።

ዝናብን መርሳት። ዝናብ ከራዶን (ከአፈር ከሚወጣ ራዲዮአክቲቭ ጋዝ) የተወለዱትን ራዲዮአክቲቭ ብረቶች፣ እርሳስ-214ንና ቢስመዝ-214ን፣ ከአየር አጥቦ ወደ መሬት ስለሚያወርድ ቆጠራው ከፍ ይላል። ግማሽ ዕድሜያቸው (ግማሻቸው የሚከስምበት ጊዜ) 27 እና 20 ደቂቃ ገደማ በመሆኑ፣ ዝናቡ ካባራ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ቆጠራው ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህን ያላወቀ ሰው ደህናውን መሣሪያ ሊፈታታ ይነሣል፤ በጠገነው ማግስት ቆጠራው ሲስተካከል ደግሞ ጥገናው የሠራ ይመስለዋል።